የፋንታሲ ቅርጫት ኳስ ቡድን አመራረጥ

በፋንታሲ ቅርጫት ኳስ ተወዳዳሪው የሰሜን አሜሪካውን የቅርጫት ኳስ ሊግ (ኤንቢኤ) ተጫዋቾች መርጦ ምናባዊ ቡድን ያዋቅራል፤ ውጤቱም ተጫዋቾቹ በእውነተኛው ግጥሚያ በሚያስመዘግቡት ቁጥር ይወሰናል።

በተለመደው አሠራር ቡድኖቹ የሚነጻጸሩባቸው የቁጥር መመዘኛዎች 9 ናቸው። ከእነዚህ መካከል አሲስት (ለነጥብ የሚያበቃ ቅብብል) በአብዛኛው ጨዋታውን ከሚመሩት ፖይንት ጋርዶች፣ ሪባውንድ (ሳይገባ የተመለሰ ኳስ መያዝ) እና ብሎክ (የተወረወረ ኳስ ማገድ) በቅርጫቱ አጠገብ ከሚጫወቱት ሴንተሮች ይጠበቃል። ኒኮላ ዮኪች ግን ይህን ድንበር አፍርሶታል፤ እ.ኤ.አ. በ2024/25 የውድድር ዘመን ሴንተር ሆኖ ሳለ በአማካይ 29.6 ነጥብ፣ 12.7 ሪባውንድና 10.2 አሲስት አስመዝግቧል። እንዲህ ያለ ተጫዋች ከተገኘ ማለፍ አይገባም!

ሪባውንድ የሚሰበስብ ሁሉ ግን ያለ ጉድለት አይመጣም። ሴንተሩ አንድሬ ድራመንድ እ.ኤ.አ. በ2015/16 በአማካይ 14.8 ሪባውንድ ይዞ ሊጉን ሲመራ፣ ከቅጣት ምቶቹ ያስቆጠረው 35.5 በመቶውን ብቻ ነበር። እሱን የመረጠ ሰው ከመመዘኛዎቹ አንዱ በሆነው በቅጣት ምት መሸነፉን አስቀድሞ ተቀብሎ፣ ቀሪውን ቦታ በሌሎቹ መመዘኛዎች በሚበረቱ ተጫዋቾች ቢሞላ ይሻለዋል።