ላብ እንኳ በትእዛዝ ሲወርድ

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1956 ኤንቢሲ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን «ትዌንቲ ዋን» የተሰኘ የጥያቄና መልስ ውድድር ማሰራጨት ጀመረ። የመጀመሪያው ምሽት ንጹሕ ነበር፤ ማንም መልስ አልተነገረውም። ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው። ተወዳዳሪዎቹ ጥያቄውን በላይ በላዩ ይስቱ ጀመር፣ ውድድሩም ተንዛዛ። አዘጋጁ ዳን ኤንራይት ከዓመታት በኋላ እንደተናገረው፣ በማግስቱ ስፖንሰሩ ደውሎ እንዲህ ያለ ነገር ዳግመኛ ማየት እንደማይፈልግ ቁርጡን ነገረው። ከዚያ በኋላ ውድድሩ ድራማ ሆነ።

ስፖንሰሩ ጀሪቶል የሚባለው የብረትና የቫይታሚን ሽሮፕ አምራች ነበር። በዚያ ዘመን የማስታወቂያው ባለቤት የፕሮግራሙም ባለቤት ያህል ነው። በ1955 ሲቢኤስ ላይ የጀመረው «የ64 ሺህ ዶላሩ ጥያቄ» ስፖንሰሩን ሬቭሎንን በሽያጭ ሲያንበሸብሸው ሁሉም አይቷል። ስለዚህ የተመልካች ቁጥር ዝቅ አለ ማለት ገበያ ቀረ ማለት ነው፤ ስልኩም ይደወላል።

ኤንራይት ኸርበርት ስቴምፕል የሚባል የኒውዮርክ ተማሪ አገኘ። ሰውዬው ያነበበው የማይጠፋው፣ የማስታወስ ችሎታው የሚገርም ነበር። ኤንራይት ግን ዕውቀቱ ብቻ አልበቃውም። ቤቱ ድረስ ሄዶ ቁም ሣጥኑን ከፍቶ የማይስማማውን ሰፊ ሱፍ መረጠለት፣ ፀጉሩን እንዴት እንደሚቆረጥ ነገረው። አቅራቢውን ጃክ ባሪን «ሚስተር ባሪ» እያለ እንዲጠራ አዘዘው፤ ምስኪን ይምሰል ነው ነገሩ። ጥያቄውም መልሱም አስቀድሞ ይሰጠዋል። የት እንደሚያመነታ፣ መቼ እንደሚተነፍስ ይለማመዳል። ተወዳዳሪው የሚቆምበት የመስታወት ክፍል ማቀዝቀዣው ይጠፋና ላብ ይወርደዋል። ላቡንም በመሐረብ ነካ ነካ እንጂ እንዳይጠርገው ተመክሯል።

የስቴምፕል ተመልካች ቁጥር ማደጉን ሲያቆም ዕጣው ተወሰነ። በዲሴምበር 5 ቀን 1956 የ1955 ምርጥ ፊልም ሆኖ ኦስካር ያገኘው የቱ እንደሆነ ተጠየቀ። መልሱ «ማርቲ» ነው፤ ስቴምፕል ሦስት ጊዜ ያየው ፊልም። እንዲሳሳት ስለታዘዘ ግን የሌላ ፊልም ስም ጠራ። ተተኪው ቻርልስ ቫን ዶረን የታወቀ ገጣሚ ልጅ፣ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር፣ መልከ መልካም ነበር። የ«ታይም» መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ፤ 129 ሺህ ዶላር አሸነፈ፤ ኤንቢሲም በዓመት በ50 ሺህ ዶላር ቀጠረው።

«መዝናኛ እኮ ነው፣ ማን ተጎዳ?» የሚል ክርክር ያኔም ነበር፤ ዛሬም አልጠፋም። ያ ተመልካች ግን እየሠራ ያለውን ጭንቅላት አያለሁ ብሎ ነበር የተቀመጠው። ያሳዩት ደግሞ የተጠና ተውኔት ነው። ተዋናዮቹም ቢሆኑ ከቁጥሩ በላይ ዋጋ አልነበራቸውም፤ ቁጥሩ ሲደክም ይቀየራሉ።

ስቴምፕል በ1957 ለጋዜጦች ተናገረ። ማስረጃ ስለሌለው፣ እነሱም ክስ ስለፈሩ አላተሙትም። በዚያው ዓመት ኤንቢሲ የኤንራይትንና የባሪን ፕሮግራሞች ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ገዛ። በኦገስት 1958 «ዶቶ» የተባለ ሌላ ውድድር፣ ተራው ያልደረሰ ተወዳዳሪ መልስ የተጻፈበትን የሌላ ተወዳዳሪ ማስታወሻ ደብተር አግኝቶ ካጋለጠ በኋላ ተዘጋ። ከሁሉም ብልሁ የ«ትዌንቲ ዋን» ተወዳዳሪ የነበረው ሠዓሊ ጄምስ ስኖድግራስ ነው፤ የተነገሩትን መልሶች ከስርጭቱ በፊት በሪኮመንዴ ደብዳቤ ለራሱ ይልክ ነበር። ፖስታዎቹ በ1959 በምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ተከፈቱ። ቫን ዶረንም በኖቬምበር 2 ቀን ቀርቦ መልሶቹ ይሰጡት እንደነበር አመነ።

ውድድር ማጭበርበርን የሚከለክል ሕግ ያኔ አልነበረም። ቫን ዶረን የተቀጣው ቀደም ሲል በመሐላ በመዋሸቱ ነው። ክልከላው የመጣው በ1960 ነው። ፕሮግራም የመምረጡ ሥልጣንም ከስፖንሰሮች ወደ ጣቢያዎቹ ዞረ። ማስታወቂያ ግን ያኔም አሁንም በተመልካች ቁጥር ነው የሚሸጠው፤ ስልክ የሚደውለው ሰው ተለወጠ እንጂ ቁጥሩ አልተነካም። ጃክ ባሪ በ1972 በሲቢኤስ አዲስ ውድድር ይዞ ተመለሰ፤ ኤንራይትም ተከተለው። በ1978 ደግሞ ሁለቱ በ1950ዎቹ ከተጭበረበሩት አንዱ የነበረውን «ቲክ ታክ ዶ»ን እንደገና አየር ላይ አዋሉት፤ ለዓመታትም ቆየ።