ሐሳብ ሲመጣና ሲፈቀድለት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ኃጢአት በሐልዮ፣ በነቢብና በገቢር ይፈጸማል፤ በማሰብ፣ በመናገርና በማድረግ ማለት ነው። ለንስሐ የሚቀርብ ምእመን ግን አብዛኛውን ጊዜ ይዞ የሚመጣው የኋለኞቹን ሁለቱን ነው። የተሳደበውን፣ የዋሸውን፣ ጾም የገደፈበትን ቀን ይናገራል፤ ለወራት በልቡ ሲያብላላ የኖረውን ቂም ግን ገና ስላልፈጸመው አይቆጥረውም። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ጌታ በተራራው ስብከት ግድያን ወደ ቁጣ፣ ዝሙትን ወደ ምኞት መልሶ ያስተማረው ሥሩ እዚያ ስለሆነ ነው። ቅድስናም የሚጀምረው ከዚያው ከልብ ነው።

የሐሳብን ነገር በሥርዓት የመረመሩት የበረሃ አባቶች ናቸው። በግብፅ በረሃ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ399 ያረፈው ኤዋግሪዮስ መነኩሴን የሚፈትኑትን ሐሳቦች ስምንት አድርጎ ዘርዝሯል፦ ሆዳምነት፣ ዝሙት፣ ፍቅረ ንዋይ፣ ኀዘን፣ ቁጣ፣ ሐኬት፣ ውዳሴ ከንቱና ትዕቢት። ስለ ሐኬት የጻፈው በተለይ ሕያው ነው። ይህ ፈተና ከ4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል ይላል፤ አቆጣጠሩ እንደ ኢትዮጵያው ከንጋት ስለሚነሣ ሰዓቱን መመንዘር አያስፈልግም። መነኩሴው ፀሐይ የቆመች ይመስለዋል፤ ከበኣቱ እየወጣ የምግብ ጊዜ የሆነው 9 ሰዓት ምን ያህል እንደቀረው ያያል። በዐቢይ ጾም ቢሮ ተቀምጦ ሰዓቱን የሚያይ ምእመን ይህን መነኩሴ በደንብ ያውቀዋል።

በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሲና ተራራ የኖረው ዮሐንስ ዘሰዋስው ደግሞ ሐሳብ ወደ ኃጢአት የሚያድግበትን መንገድ ለይቷል፦ መምጣት፣ መነጋገር፣ መፍቀድ፣ መማረክ፣ ትግልና ልማድ። ትግሉ እንደ ተጋዳዩ ፈቃድ ወይ አክሊል ወይ ቅጣት ያመጣል። አንድ ሰው ቅዳሴ ቆሞ ሳለ በርስት የተጣላው ወንድሙ ትዝ አለው እንበል። ትዝ ማለቱ በደል አይደለም፤ ሐሳብ ሳያስፈቅድ ይመጣል። ቀጥሎ ግን ያን ዕለት ምን ማለት እንደነበረበት ማሰላሰል ይጀምራል። መልስ ያዘጋጃል፣ የወንድሙንም መልስ ራሱ ይፈጥርለታል፣ ምስክር ይቆጥራል። ቁጣው ሲጣፍጠውና «የእጁን ነው» ሲል ፈቃዱን ሰጥቷል። ከዚያ ወዲያ ወንጌል ቢነበብም አይሰማም። በሌላ እሑድ እዚያው ቦታ ሲቆም ያው ጠብ ሳይጠራ ይመጣል፤ ልማድ ሆኗልና።

የሚያዋጣው ሥራ ታዲያ በመምጣትና በመፍቀድ መካከል ያለው ነው። እዚያ ላይ ከሐሳቡ ጋር መከራከር አይጠቅምም፤ ክርክሩ ራሱ መነጋገር ነውና። ጌታ በገዳመ ቆሮንቶስ ለሦስቱም ፈተናዎች የመለሰው ከኦሪት ዘዳግም ነበር። ኤዋግሪዮስም ለስምንቱ ሐሳቦች መልስ የሚሆኑ የቅዱሳት መጻሕፍት ቃላትን በስምንት ክፍል ሰብስቦ አዘጋጅቷል። ዳዊት መድገም፣ ውዳሴ ማርያም ማድረስ፣ በመቁጠሪያ እግዚኦታ ማለት በዕለት ኑሮ ይህንኑ ያደርጋሉ፤ ልብን ባዶ አያስቀምጡትም። ለቂም ግን ከዚህም የቀረበ መድኃኒት አለ፤ የተቀየሙትን ሰው በክርስትና ስሙ እየጠሩ መጸለይ። ሲጀመር ከአፍ አያልፍም፤ ቢሆንም ማቋረጥ አይገባም። እየጸለዩለት ክፉ መመኘት አስቸጋሪ ነው።

ሁለተኛው ረድኤት ሐሳብን መግለጥ ነው። ተደብቆ የቆየ ሐሳብ ለንስሐ አባት ሲነገር ጉልበቱ ይደክማል። ስለዚህ አስተዋይ የንስሐ አባት «ምን አደረግህ?» ብሎ ብቻ አያበቃም፤ ሐሳቡ መቼ እንደሚመጣ፣ ከምን በኋላ እንደሚበረታ፣ ከየት ላይ ማባበል እንደጀመረ ይጠይቃል። ሲመሽ በድካም የሚመጣና ተመስግኖ ሲመለስ የሚመጣ ሐሳብ አንድ ዓይነት ቀኖና አይሰጣቸውም።

በተቃራኒው ወገን የሚቸገሩም አሉ። ጸያፍ ወይም የስድብ ሐሳብ በጸሎት መካከል ብልጭ ባለ ቁጥር ተፈርዶብኛል ብለው ከቍርባን የሚሸሹ ናቸው። እነዚህን ስለ ጥንቃቄ አብዝቶ ማስተማር ይጎዳቸዋል፤ ሊነገራቸው የሚገባው ያልፈቀዱት ነገር እንደማይቆጠርባቸው ነው። ሐሳቡ ያለማቋረጥ እየተመላለሰ እንቅልፍ የሚነሳና ሥራ የሚያስፈታ ከሆነ ደግሞ ሕመም ሊሆን ይችላልና፣ ጸሎቱ ሳይቋረጥ ወደ አእምሮ ሐኪም መላክ የንስሐ አባቱ ኃላፊነት ነው።