«እከሌ ጠጥቶ ወልዷል»

ልጅ ለዘገየበት ወንድ ከዚህ የበለጠ የሚያባብል ወሬ የለም። እከሌ አንድ ሥር በማር ለውሶ ወሰደ፤ ዓመት ሳይሞላው ልጅ ታቀፈ። በቅርብ የማውቃቸው ባልና ሚስት ይህን ወሬ ተከትለው ከአንዱ መድኃኒት አዋቂ ወደ ሌላው ሲዞሩ ዓመታት አለፉ። ሚስት ማህፀኗን ደጋግማ ታየች፤ ባል ግን የዘር ፈሳሹን አላስመረመረም። በመጨረሻ ሲመረመር አንድም የዘር ሕዋስ አልተገኘም፤ መውጫው ቱቦ ተደፍኖ ኖሯል። የተደፈነ ቱቦ በቅጠል አይከፈትም። እስከዚያ የሚስቲቱ ዕድሜ ገፍቷል።

ወሬው ውሸት ላይሆን ይችላል። ሰውየው ጠጥቷል፣ ልጁም ተወልዷል። ግን በመጀመሪያው ዓመት ካልፀነሱት ጥንዶች ግማሽ ያህሉ በሁለተኛው ዓመት ያለ ሕክምና ይፀንሳሉ፤ ሰው ወደ አዋቂ ደጅ የሚሄደውም ልክ በዚያን ጊዜ ነው። የወንድ ዘር ብዛትም ከሳምንት ሳምንት በእጅጉ ይዋዥቃል፤ ዛሬ አንሶ የተገኘ ሰው ውኃ ብቻ ቢጠጣም ሌላ ቀን በዝቶለት ሊገኝ ይችላል። ደግሞስ ጠጥተው ያልወለዱትን ማን ቆጠራቸው? የተሳካለት ምስጋና ይዞ ይመለሳል፤ ያልተሳካለት አፍሮ ቤቱ ይቀራል። በየማኅበራዊ ሚዲያው የምስክርነት ቪዲዮ እየለጠፉ የሚሸጡት ሰዎች ይህን አያውቁም ማለት ይከብደኛል።

ዕፅዋቶቻችንን ማናናቄ አይደለም። ተመራማሪው አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ፣ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ያየውን ግን ቤተ ሙከራ አስገብቶ ለካው፣ ደጋገመው።

የመካንነት መድኃኒትም እንዲሁ ሊፈተን ይችላል፤ ተፈትኗልም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የኢራን ጥናት 68 ወንዶችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለግማሾቹ በቀን 5 ሚሊ ሊትር የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ ለቀሩት መድኃኒትነት የሌለው አምሳያ ለሁለት ወር ሰጠ። ጥቁር አዝሙድ የወሰዱት የዘራቸው ብዛትና እንቅስቃሴ ተሻሻለ። እኛ ቡዳ ለበላው ሰው የምናጥነው ግዛዋም ሕንድ ውስጥ በ46 ወንዶች ላይ ለ90 ቀን ተሞክሮ ተስፋ ሰጪ ውጤት አሳይቷል። ጊዜው የረዘመው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንድ የዘር ሕዋስ ተሠርቶ እስኪያልቅ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጃል። «በሳምንት አሳይሃለሁ» የሚል አዋቂ ይህን ቢያውቅ ደግ ነበር።

ደስ ይላል፤ ነገር ግን ሁለቱም ጥናቶች ትንንሽ ናቸው፤ ዋናው መለኪያቸውም ዘሩ እንጂ የተወለደ ልጅ አልነበረም። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ዚንክና ፎሊክ አሲድ በአነስተኛ ጥናቶች ብዙ ተወድሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የአሜሪካ ጥናት በ2,370 ጥንዶች ላይ ሲፈትናቸው፣ ከወሰዱት 34 በመቶ፣ ካልወሰዱት 35 በመቶ ወለዱ። ጥቁር አዝሙድም በዚያ ሚዛን ቢወጣ ምን እንደሚሆን ገና አልታየም።

«የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም» ለሚሉ፦ ከጥጥ ፍሬ የሚገኘው ጎሲፖል በቻይና ከ8,000 በሚበልጡ ወንዶች ላይ የተሞከረው የወንድ የወሊድ መከላከያ ይሆናል ተብሎ ነው። ዘርን አቆመ፤ ከፊሎቹ ዘራቸው ሳይመለስ ቀረ፣ የአንዳንዶቹም የደም ፖታሲየም ወረደ። የእንዶድ ጭማቂ ራሱ በቤተ ሙከራ የወንድ ዘርን ይገድላል።

«አልጋ ላይ ብርቱ የሆነ ወንድ አይመክንም» የሚለው ፍጹም ስህተት ነው። አንድም የዘር ሕዋስ የሌለው ሰው ብርቱ ሊሆን ይችላል። ለጉልበት ተብሎ የሚወጋ ቴስቶስትሮን ደግሞ የዘር ምርትን ያደክማል።

ችግሩ ሁሉ የሴቷ ነው የሚሉትም አሉ። ከመካን ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ዘንድ የወንዱ ችግር ድርሻ አለው። ስለዚህ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይመርመሩ። የወንዱ ምርመራ ከሴቷ ይልቅ ቀላል ነው፤ ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ በንጹሕ ዕቃ ናሙና መስጠት ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. የ2021 መመሪያ ዝቅተኛውን የዘር ሕዋስ መጠን በሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ያደርገዋል። ከዚያ በታች የተገኘ ሰው መካን ነው ማለት አይደለም፤ ምርመራውን ይድገም፤ ሥርና ቅጠል እየወሰደ ከሆነም ስሙን ለሐኪሙ ይንገር።