ከሕፃናት ክፍል ወደ አዋቂዎች ክፍል፦ ሹራው ያለ እነሱ አይሙላ

አከርካሪው የተጎዳ ልጅ እስኪያድግ ድረስ ሐኪሙን የምታናግርለት ብዙውን ጊዜ እናቱ ናት። ወደ አዋቂዎች ሕክምና ሲዛወር ግን የሽንት ቱቦውን፣ ከመቀመጥ ብዛት የሚመጣውን ቁስል መከላከሉን፣ ከአምቦ አዲስ አበባ የሚያመላልሰውን ቀጠሮ ሁሉ ራሱ ይረከባል። ይህን ሽግግር ማን ያቅደው?

ኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 4 አካል ጉዳተኛ ልጆች ጭምር እንዲማከሩ ያዛል። ምክንያቱም ሐኪም የማያነሳውን ጥያቄ እነሱ ያውቁታል፦ ሽንቱን መቆጣጠር የማይችል ሰው እንዴት ይሰግዳል? አብዛኞቹ ዑለማዎች ወቅቱ ሲገባ ለየሶላቱ ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል ይላሉ። መልሱ አለ፤ ዕቅዱ ውስጥ የሚገባው ግን ጠያቂው አብሮ ሲቀመጥ ነው።

እኛም በግቢያችን ስለ መወጣጫና ስለ ውዱእ ቦታ ስንመክር አስቀድመን እነሱን እንጠይቅ።