ስለ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አነሣሥና አወዳደቅ

ከአራት ኪሎ አደባባይ ተነሥቶ፣ በፓርላማው በር አልፎ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራልን ተሳልሞ ወደ ታላቁ ቤተ መንግሥት አጥር የሚወርድ እግረኛ፣ የሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ዘመን በአጭር መንገድ ላይ ተዘርግቶ ያገኘዋል። በካቴድራሉ ቅጽር ውስጥ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ በጥይት የተደበደቡት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት መኳንንትና ሹማምንት መታሰቢያ ቆሟል፤ በካቴድራሉ ውስጥ ደግሞ፣ እስከ 1984 ዓ.ም. ድረስ በዚያው ቤተ መንግሥት ግቢ ተደፍኖ የቈየው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዐፅም ዐርፏል። ወታደራዊው ኮሚቴ ደርግ የራሱን አባላት የገደለውም በዚያው በቤተ መንግሥቱ ግቢ ነበር።

በዚህ ሰፈር ቡና ቤቶች ከሰላሳ ዓመት በላይ ሲመላለስ የኖረ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም፣ በጥቁር አፍሪካ አቻ ያልነበረው ሠራዊት የነበራቸውን እኒያን ሰው ማን ጣላቸው የሚል ነው። አንዱ የሰሜኑ ዐማፅያን ሻዕቢያና ወያኔ ይላል፤ ሌላው ጎርባቾቭ ነው ይላል፤ የቀድሞው ጦር መኰንኖች ግን አብዛኞቹ፣ ራሳቸውን በራሳቸው ጣሉ ብለው ይመልሳሉ። ጸሐፊው ወደ ሦስተኛው መልስ ያዘነብላል፤ ምክንያቱን ለማስረዳት ግን ነገሩን ከሥሩ መጀመር ይገባል።

በሰኔ 1966 ዓ.ም. የጦር ክፍሎች እንደራሴዎች በአዲስ አበባ በአራተኛ ክፍለ ጦር ሰፈር ሲሰበሰቡ፣ ከሐረር ሦስተኛ ክፍለ ጦር የመጡት የሆለታ ምሩቅ ሻለቃ መንግሥቱ በሕዝብ ዘንድ የማይታወቁ ሰው ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው በቮልስዋገን ሲወሰዱ፣ የደርጉ ርእስ የሆኑት በሠራዊቱ የተከበሩት ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም ናቸው። ጄኔራሉ የኤርትራን ነገር በንግግር ለመፈጸም አስበው ስለ ነበር፣ ተጨማሪ ጦር ይላክ ከሚለው የደርጉ ወገን ጋር ተጣሉ፤ ሹማምንቱ በተረሸኑባትም ሌሊት በቤታቸው ተከበው ሞቱ። ከዚያ በኋላ ሊቀ መንበር የሆኑት ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. ከባልንጀሮቻቸው ጋር በቤተ መንግሥቱ ተገደሉ፤ ምክትሉ ሌተና ኮሎኔል አጥናፉ አባተም ኅዳር 3 ቀን 1970 ዓ.ም. ተከተሉ። እንግዲህ በ3 ዓመት ውስጥ በፊታቸውና በጎናቸው የቆሙት ሁሉ ከመንገድ ተወገዱ። ክርክር በሞት የሚዘጋበት ሥርዐት ያን ጊዜ ተተከለ፤ ወዲያውም ከግቢ ወደ አደባባይ ወጥቶ ቀይ ሽብር ተባለና የአዲስ አበባን ወጣት ፈጀ።

በጉልበት የተያዘውን ሥልጣን የሀገር ዘውድ ያስመሰለው ግን የሶማሊያ ወረራ ነው። የዚያድ ባሬ ጦር በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ድንበር ጥሶ ገብቶ ጅጅጋን በያዘ ጊዜ፣ ቀደም ብሎ በወርኃ ሚያዝያ ለእናት አገር ጥሪ የተሰባሰበውና በታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነው የገበሬ ሚሊሺያ ወደ ምሥራቅ ዘመተ፤ በአሜሪካ ኤፍ-5 አውሮፕላን የሠለጠኑት የንጉሡ ዘመን አብራሪዎች ሰማዩን ያዙ፤ ሶቪየት ኅብረት መሣሪያ በአየርና በባሕር አጓጓዘች፤ ከ10,000 የሚበልጡ የኩባ ወታደሮችም ተሰለፉ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የካራማራ ተራራና ጅጅጋ ተመለሱ። ይህን ድል ከኮሎኔሉ መንጠቅ ፍትሕ አይሆንም፤ ለእሳቸው ብቻ መስጠትም እንዲሁ። ዛሬም ስማቸውን በናፍቆት የሚያነሡ ሰዎች የሚያነሡት ይህን ቀን ነው፤ ስለ ቀይ ሽብር ሲጠየቁ ግን ብዙዎቹ ወሬ ይለውጣሉ።

የካራማራ ድል ያመጣው መዘዝ፣ ኮሎኔሉ በምሥራቅ የሠራው መድኃኒት በሰሜንም ይሠራል ብለው ማመናቸው ነው። በምሥራቅ የመጣው ግን ባዕድ ሠራዊት ስለ ነበር ሕዝቡ በአንድ ልብ ተነሥቶበታል፤ በሰሜን ያለው ሥሩ በሀገሬው ውስጥ የሆነ ዐመፅ ስለ ነበር መድፍና ታንክ ብቻውን አይነቅለውም ነበር። በ1974 ዓ.ም. የመንግሥት ሥራ ወደ አስመራ ተዛውሮ የቀይ ኮከብ ዘመቻ በታላቅ አዋጅ ቢከፈትም ናቅፋ አልተያዘችም። ከዚያ ወዲህ ብሔራዊ ውትድርና ታወጀ፤ እናቶች አፈሳ ብለው የሚጠሩት ነገርም በየቀበሌው መጣ። በጦሩ ውስጥ አዛዡ ብቻውን አያዝም ነበር፤ በአጠገቡ የፖለቲካ ኮሚሳርና የጸጥታ ሰው ቆመው ይጠብቁታልና። ኮሎኔሉ የጄኔራልነት ማዕርግ ለራሳቸው አልሰጡም፤ ነገር ግን ጄኔራሎች ሁሉ በፊታቸው እየተንቀጠቀጡ ሰላምታ ይሰጡ ነበር።

በ1980 ዓ.ም. መባቻ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ታውጆ ኮሎኔሉ በብሔራዊ ሸንጎ ፕሬዚዳንት ተብለው በተሰየሙበት ዓመት ውድቀታቸው ተጀመረ። በኤርትራ የናደው ዕዝ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዐይኔ በሠራዊቱ የተወደዱ ሰው ነበሩ፤ በየካቲት ወር በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ተረሸኑ። በቀጣዩ ወር፣ በመጋቢት፣ ሻዕቢያ አፍዓበትን አጥቅቶ ዕዙን ደመሰሰው፤ እንግሊዛዊው የታሪክ ሰው ባዚል ዴቪድሰን ድሉን ፈረንሳዮች በዲየን ቢየን ፉ ከደረሰባቸው ሽንፈት ጋር እስኪያስተያየው ድረስ። አዛዡን በፈራጅነት የገደለ መንግሥት ወታደሩን ተዋጋልኝ ሲለው ምን መልስ ይጠብቃል? በየካቲት 1981 ዓ.ም. በሽሬ 604ኛው ኮር ሲፈርስ መላው ትግራይ ተለቀቀ።

ይህን ሁሉ ያዩት ጄኔራሎች፣ ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. ፕሬዚዳንቱ ወደ ምሥራቅ ጀርመን በሄዱበት ዕለት፣ ጦርነቱን በድርድር ለማቆም ተነሡ። የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራው በጥቂት ቀናት ከሸፈ፤ ኤታ ማዦር ሹሙ ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይሉ አዛዥ ጄኔራል ዐምሃ ደስታ በመከላከያ ሚኒስቴር ራሳቸውን ሰዉ፤ ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ በአስመራ ተገደሉ። ከታሰሩት ውስጥ ደግሞ፣ ከዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1982 ዓ.ም. 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። ጦርን ለመምራት በሠላሳ ዓመት ልምድ የተገኘ ዕውቀት በአንድ ሌሊት ከመሬት በታች ገባ፤ ምጽዋም ከዚያ በፊት በየካቲት ተይዛ ነበር። ሞስኮ እጇን የሰበሰበችው በእነዚሁ ወራት መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም የመሣሪያ እጥረት የአፍዓበትን ሽንፈት አያስረዳም፤ በአፍዓበት ታንክ ሞልቶ ነበርና፣ ተማርኮም ለሻዕቢያ ዋለ። ቅይጥ ኢኮኖሚ ተብሎ በ1982 ዓ.ም. የታወጀውም መመለሻ ካለፈ በኋላ የመጣ ንስሐ ነው።

አንድ ሰው አንድ ጥይት እስኪቀር እንዋጋለን ሲሉ የኖሩት ፕሬዚዳንት፣ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ወደ ብላቴ ማሠልጠኛ እንደሚሄዱ ሆነው አውሮፕላን ተሳፈሩ፤ በብላቴ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለውጊያ ይሠለጥኑ ነበር። አውሮፕላኑ ናይሮቢ አደረሳቸው፤ ከዚያም ሐራሬ ገቡ፤ ቤተሰባቸው ቀድሞ ሄዷል። በራሳቸው ፈቃድ ከሥልጣን መውረዳቸውን ሬዲዮ በቀትር አሰማ። ዐፄ ቴዎድሮስን በንግግራቸው ዘወትር ይጠቅሱ ስለ ነበር ሕዝቡ መቅደላን ከሐራሬ ጋር ማስተያየቱ አልቀረም። ሌተና ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን የያዟት ሥልጣን አንድ ሳምንት ቈይታ፣ ግንቦት 20 ቀን በወያኔ የሚመራው የኢሕአዴግ ጦር አዲስ አበባ ገባ።

ፍርዱ በዝግታ ተከተለ። በኮሎኔሉ ላይ በ1987 ዓ.ም. የተከፈተው ክስ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ጥፋተኝነት ተደመደመ፤ በጥር ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፤ በዐቃቤ ሕግ ይግባኝም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው። ይህ ሁሉ የተባለው በሌሉበት ነው። የዚምባብዌው ፕሬዚዳንት ሮበርት ሙጋቤ፣ ለነጻነት ትግሉ ረድተውናል በሚል ምክንያት አሳልፈው አልሰጧቸውም፤ ሙጋቤ እ.ኤ.አ. በ2017 ከወረዱ በኋላ የተተኩትም አልሰጧቸውም።