ውጭ ለሥራ ስትሄዱ ግብር የምትከፍሉት ለማን ነው?

ከሐሙሲት፣ ከወረታ፣ ከባሕር ዳር ወደ ሳዑዲ፣ ወደ ኤምሬትስ፣ ወደ ኩዌት ለመሄድ እየተዘጋጃችሁ ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ስለ ቪዛና ስለ ትኬት ሁሉም ያወራል። ስለ ግብር ሲሆን ግን ወሬው የደላላ ነው። ሳትፈርሙ በፊት ይቺን አንብቧት።

👉 «ከደመወዝሽ ግብር ይቆረጣል» ከተባላችሁ

በሳዑዲ፣ በኤምሬትስ፣ በኩዌትና በኳታር ተቀጣሪ ከደመወዙ የገቢ ግብር አይከፍልም። ኦማን በቅርቡ ሕግ አውጥታለች፤ እሱም የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ2028 ነው፣ የሚነካውም በዓመት ከ42,000 የኦማን ሪያል በላይ የሚያገኘውን ብቻ ነው። ስለዚህ ሳዑዲ ላይ 1,000 ሪያል ተብላችሁ 800 ቢሰጣችሁ፣ 200ው የገቢ ግብር አይደለም። ለምን እንደተቆረጠ በጽሑፍ ጠይቁ።

ዕቃ ስትገዙ የሚከፈል ቫት ግን አለ፦ በሳዑዲ 15 ከመቶ፣ በኤምሬትስ 5 ከመቶ።

በእኛ የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ (923/2008) ደግሞ የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ወጪ የአሠሪው ነው። ፓስፖርትና የጤና ምርመራ የእናንተ ነው። «ለግብር» ተብሎ ከኪሳችሁ የሚጠየቅ ነገር የለም።

👉 «183 ቀን ውጭ ከቆየሁ ኢትዮጵያ አትነካኝም»

ይሄ ግማሽ እውነት ነው። የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 አንድን ሰው የኢትዮጵያ ነዋሪ የሚለው፦

✅ ቋሚ መኖሪያው ኢትዮጵያ ከሆነ
✅ ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ እዚህ ከቆየ
✅ ወይም ውጭ የተመደበ ዲፕሎማት ወይም ተመሳሳይ ባለሥልጣን ከሆነ

አንዱ ብቻ ይበቃል። ቋሚ መኖሪያ ማለት በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሰው ለመኖር አስቦ ዋና ሥራውንና ጥቅሙን ያደረገበት ቦታ ነው። የሁለት ዓመት ኮንትራት ፈርሞ፣ ሚስቱን፣ ልጆቹንና ቤቱን ሐሙሲት ትቶ፣ «ጨርሼ እመለሳለሁ» ብሎ የሄደ ልጅ ቀኑን ስለቆጠረ ብቻ ነዋሪነቱ አይጠፋም። ነዋሪ የሆነ ሰው ደግሞ በሕጉ የሚታየው ከየትም ባገኘው ገቢ ነው። ነዋሪ ያልሆነው ግን ከኢትዮጵያ ባገኘው ብቻ።

👉 እዚህ ትታችሁት የምትሄዱት

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ነዋሪ ሆናችሁም አልሆናችሁም፣ ከኢትዮጵያ የሚገኝ ገቢ ግብሩ እዚሁ ነው። በላካችሁት ብር ሐሙሲት ላይ ቤት ሠርታችሁ ብታከራዩ፣ የኪራይ ገቢ ግብር አለበት። ባንክ ያስቀመጣችሁት ብር ወለድ ሲያፈራ፣ ባንኩ ግብሩን ራሱ ቆርጦ ያስቀራል።

ሱቅ ያላችሁ ደግሞ በሩን ቆልፎ መሄድ ሥራ ማቆም አይደለም። ንግድ ፈቃዱን ካልመለሳችሁና ገቢዎች ሄዳችሁ ከግብር መዝገብ ካልተሰረዛችሁ፣ ግብሩም ቅጣቱም እናንተ በሌላችሁበት ይቆጥራል። ስትመለሱ የሚጠብቃችሁ ዕዳ ነው። ሱቁን ወንድም ወይም እህት የሚይዘው ከሆነ፣ ሳትሄዱ ውክልና ስጡ።

👉 ዲቪ ለደረሳችሁ

አሜሪካ ከሌላው ትለያለች። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ተመልሶ ባሕር ዳር ቢኖር እንኳ፣ ካርዱ እስካለ ድረስ የዓለም ገቢውን ለአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት ያሳውቃል። ከአሜሪካ ውጭ ያሉት የባንክ ሒሳቦቹ ተደምረው በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፉ፣ ያንንም ለብቻው ያሳውቃል። ማሳወቅ ሁሌ መክፈል ማለት አይደለም፤ አለማሳወቅ ግን ቅጣት አለው።

ባጭሩ፦ ከመሄዳችሁ በፊት ኮንትራታችሁ ላይ ያለውን የደመወዝ ቁጥር ፎቶ አንሱ፣ ሱቅ ካላችሁ የግብር ክሊራንስ ያዙ፣ ውክልናውን ጨርሱ። ሦስቱም እዚሁ እያላችሁ ቀላል ናቸው፤ ከሪያድ ሆኖ ግን ከባድ ነው።

ለሚሄድ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።