ቆሞ የሚያድር መኪና ባትሪው ለምን ያልቃል?

ማታ በደኅና ገብቶ የቆመ መኪና ጠዋት ቁልፉ ሲዞር «ቀጭ» ብሎ ዝም ማለቱ ለብዙ ባለመኪናዎች እንግዳ ነገር አይደለም። የሰፈር ልጆች ተጠርተው መኪናው እየተገፋ ይነሣል፤ አለበለዚያም ከጎረቤት ባትሪ በገመድ ኃይል ይዋሳል። ነገሩ ሲደጋገም «ባትሪው ሞቷል» ተብሎ አዲስ ይገዛል። አዲሱም ከጥቂት ጊዜ በኋላ የአሮጌው ዕጣ ሲደርሰው፣ ወቀሳው በሻጩ ላይ ያርፋል። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሞክረው አንድ ቁም ነገር ነው፤ ይኸውም ባትሪ ከመለወጡ በፊት መለካት እንደሚቀድም ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ መልቲሜትር፣ ጥቂት ትዕግሥትና የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ብቻ ነው።

የሒሳቡ ነገር

ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 የፈለሰፈው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ዛሬም በአብዛኞቹ መኪናዎች ውስጥ ይገኛል። ባትሪው ስድስት ክፍሎች ሲኖሩት፣ እያንዳንዱ 2.1 ቮልት ያህል ስለሚሰጥ፣ ሞልቶ ያረፈ ባትሪ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል። ንባቡ 12.2 ቮልት ገደማ ከሆነ ግማሽ ያህሉ ተበልቷል፤ ከ12 ቮልት በታች ከወረደ ደግሞ ባዶ ለመሆን ተቃርቧል።

ባትሪው የሚይዘው የኤሌክትሪክ ሙል በአምፔር-ሰዓት ይገለጻል። ባለ 45 አምፔር-ሰዓት ባትሪን እንውሰድ። መኪናው ቆሞም ቢሆን ሰዓቱ፣ አላርሙ፣ የቴፑ ማኅደረ ትውስታና ኮምፒዩተሩ ጥቂት ጅረት ይወስዳሉ፤ ይህም በአብዛኞቹ መኪናዎች ከ50 ሚሊ አምፔር አይበልጥም። 30 ሚሊ አምፔር ቢሆን በቀን 0.72 አምፔር-ሰዓት ማለት ነውና፣ የባትሪውን ግማሽ ለመጨረስ አንድ ወር ያህል ይፈጅበታል። በአንጻሩ በኋላው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ሳትጠፋ የቀረች አንዲት ባለ 5 ዋት አምፖል 0.42 አምፔር ገደማ ስለምትወስድ፣ በቀን 10 አምፔር-ሰዓት ትበላለች፤ በአምስተኛው ቀን ባትሪው ባዶ ይሆናል።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ባዶ ሆኖ የሰነበተ ባትሪ በሳሕኖቹ ላይ የሚፈጠረው የእርሳስ ሰልፌት እየጠጠረ ስለሚሄድ፣ ዳግመኛ ቢሞላም የቀድሞ አቅሙን አያገኝም። ስለዚህ ስውር ፍጆታው ሳይገኝ የሚገዛ አዲስ ባትሪ በጥቂት ወራት ውስጥ አሮጌ ይሆናል።

ጥፋተኛው ማን ነው?

ባትሪው ነው፣ ዲናሞው ነው ወይስ መኪናው? ሦስቱን መለየት ይቻላል። በመጀመሪያ ሞተሩ እየሠራ የባትሪው ቮልቴጅ ይለካ። ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካሳየ ዲናሞው እየሞላ ነው፤ ወደ 12.6 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ግን ሌሊቱን መጠርጠር ከንቱ ነው፤ ባትሪው ቀኑንም አልተሞላም። ቀጥሎ ባትሪው በሚገባ ተሞልቶ ለጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ ይለካ፤ የኔጋቲቭ ገመዱም ተፈትቶ ይደር። ጠዋት ቮልቴጁ በግልጽ ከወረደ ሕመሙ በራሱ በባትሪው ውስጥ ነው። ተፈትቶ ሲያድር የሚጸና፣ ታስሮ ሲያድር የሚወርድ ከሆነ ግን ጅረቱን የሚወስደው መኪናው ነው።

ጅረቱን መለካት

ምንጊዜም በቅድሚያ የሚፈታው የኔጋቲቭ ገመድ ነው። የመኪናው አካል በሙሉ ከኔጋቲቭ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ፖዘቲቩን ስንፈታ ቁልፋችን አካሉን ቢነካ ከፍተኛ ብልጭታ ይፈጠራል። ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጅን ደግሞ ተቀጣጣይ ነው።

መልቲሜትሩ በ10 አምፔር መስመር ላይ ይደረግና አንደኛው ጫፍ ከባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላው ከተፈታው ገመድ ጋር በተከታታይ ይያያዛል። ጫፎቹ በሁለቱ የባትሪ ምሰሶዎች ላይ ፈጽሞ መቀመጥ የለባቸውም፤ የአምፔር መለኪያ ተቃውሞው ኢምንት ስለሆነ ባትሪውን በቀጥታ እንደ ማገናኘት ይቆጠራል። መለኪያው እንደተያያዘ ሞተር ማስነሣትም አይገባም፤ ሞተሪኖ የሚወስደው ጅረት ከ100 አምፔር በላይ ስለሆነ መለኪያውን ያበላሸዋል።

በሮቹ ተዘግተው፣ ቁልፉ ወጥቶ ይጠበቅ። በዘመናዊ መኪናዎች ኮምፒዩተሮቹ እስኪተኙ ከ20 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። በዚህ ረገድ የሚቸኩል ሰው ጤነኛውን መኪና በሽተኛ ሊለው ይችላል።

ንባቡ ከፍ እንዳለ ከቀረ ፊውዞቹ አንድ በአንድ ይነቀሉ። የትኛው ሲነቀል ጅረቱ እንደወረደ ከታወቀ፣ ፍለጋው ከመላው መኪና ወደ አንድ መስመር ጠበበ ማለት ነው። መንቀሉ ኮምፒዩተሮቹን የሚቀሰቅስ ከሆነ በፊውዙ ጀርባ ባሉት ሁለት የብረት ነጥቦች ላይ ሚሊ ቮልት መለካት ይቻላል፤ ጆርጅ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው ሕግ መሠረት ጅረት በሚያልፍበት ፊውዝ ላይ ጥቂትም ቢሆን ቮልቴጅ ይኖራል።

ከተገኘ በኋላ

ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ቀላል ነገር ነው፤ የማይጠፋ የውስጥ መብራት፣ የተጣበቀ ሪሌ፣ ወይም በኋላ የተገጠመ አላርምና ቴፕ። ቴፑን የሚያነቃው ገመድ ከቁልፉ ማብሪያ ይልቅ ዘወትር ኃይል ካለበት ገመድ ጋር ከተያያዘ፣ ቴፑ የጠፋ ቢመስልም አይተኛም። መፍትሔውም ማብሪያውን ወይም ሪሌውን መለወጥ፣ ገመዱን ወደ ትክክለኛ ቦታው መመለስ ነው። ፊውዞቹ ሁሉ ተነቅለውም ጅረቱ ካልወረደ ዲናሞው ይፈተሽ፤ ጅረትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲያሳልፉ የተሠሩት ዳዮዶች ሲበላሹ፣ ቀን የሞላውን ባትሪ ሌሊት መልሶ ያራግፋል።

መኪናው ለሳምንታት የሚቆም ከሆነ የኔጋቲቭ ገመዱን ፈትቶ መሄድ የሚበጅ ነው። ከዚያ ውጭ ግን በየማለዳው ማስገፋትም ሆነ በየጊዜው ባትሪ መግዛት ምልክቱን እንጂ መንስኤውን አያስወግድም። ለአዲስ ባትሪ ገንዘብ ከመውጣቱ አስቀድሞ ለመለኪያው አንድ ሰዓት ይሰጠው እንላለን።